የሙት ልጅ ገንዘብ፤ የፕሮፌሰር ኤዲት ክላርክ የትምህርትና የሥራ ታሪክ

እድር ሲባል አስቀድሞ በሐሳባችን የሚመጣው ድንኳኑ፣ አግዳሚ ወንበሩ፣ ብረት ድስቱና ጡሩምባው ነው። ቀብር ማስፈጸም፣ ለቅሶ መድረስ፣ ሐዘንተኛን ማስተዛዘን የእድር ተግባር መሆኑን ከመካከላችን የማያውቅ የለም። ይሁን እንጂ ድንኳኑ ተነቅሎ፣ ዕቃው ተቆጥሮ ወደ ግምጃ ቤት ከተመለሰ በኋላ በሐዘንተኛው ቤት አንዲት ጥያቄ ትቀራለች። ይህችውም «እነዚህ ልጆች ከእንግዲህ ምን ይሆናሉ?» የምትለው ነች። ሟች ያስቀመጠው ጥሪት ካለ፣ እድሩም የሰጠው ገንዘብ ካለ፣ ለምን ይዋል? ተዝካር ይደገስበት? ቤት ይታደስበት? ወይስ ልጆቹ ይማሩበት? አብዛኛውን ጊዜ ነገሩ የሚቆረጠው በዘመድ ምክር ነው፤ ልጆቹ አይጠየቁም። በተለይ ሴት ልጅ ከሆነች ጨርሶ የሚያስታውሳትም የለ።

በዚህ ጽሑፍ የሚወሳው ታሪክ የሩቅ አገር ታሪክ ነው። ባለታሪኳ አሜሪካዊት ሲሆኑ፣ በዚያ አገር ዩኒቨርስቲዎች የኤሌክትሪክ ምህንድስና ፕሮፌሰር ለመሆን የመጀመሪያዋ ሴት ናቸው። ስማቸው ኤዲት ክላርክ ይባላል። የታሪካቸው መነሻ ግን ከላይ ያነሣነው የሙት ልጅ ገንዘብ ጉዳይ ስለ ሆነ፣ ለእድራችን አባላት ቢቀርብ ይጠቅማል እንጂ አይጎዳም በማለት ተዘጋጅቷል። በጽሑፉ ውስጥ የሚገኙት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ በእኛ አቆጣጠር የሆነው በእኛ ተብሎ ይነገራል።

ልጅነትና ትምህርት

ኤዲት ክላርክ የተወለደችው ፌብሩዋሪ 10 ቀን 1883፣ በእኛ 1875 ዓ.ም. መሆኑ ነው፣ ሜሪላንድ በሚባለው የአሜሪካ ክፍለ ሀገር በሃዋርድ አውራጃ ነው። አባቷ የሕግ ሰው ነበሩ። ዘጠኝ ልጆች ካሉበት ቤት አንዷ ነበረች። የእሷ ልጅነት እንደ ማንኛውም የገጠር ልጅ ሕይወት ሊቀጥል ሲችል፣ ሞት በዚያ ቤት ላይ በረታና ገና 12 ዓመት ሲሆናት እናትም አባትም የሌላት ሆነች። 12 ዓመት የሞላት በ1895 ሲሆን፣ ይህ ዓመት በእኛ አገር የዓድዋ ዘመቻ ክተት የታወጀበት ነው። ዘመኑን ለመገመት እንዲረዳን ነው ይህን ማንሣታችን። ከዚያ በኋላ ያሳደገቻት ታላቅ እኅቷ ነበረች።

በዚያን ዘመን በአሜሪካም ቢሆን ሴት ልጅን ማስተማር ማለት የቤት አያያዝና ደግ ጠባይ ማስተማር ማለት ነበር። ለኤዲት ግን ከወላጆቿ የተረፈ ድርሻ ነበራት። ዕድሜዋ ደርሶ ገንዘቡ በእጇ ሲገባ በእሱ ልብስና ጌጥ ልትገዛበት፣ ለትዳር መቋቋሚያ ይሆነኛል ብላም ልታስቀምጠው ትችል ነበር፤ ማንም አይፈርድባትም። እሷ ግን ገንዘቧን ይዛ ወደ ትምህርት ቤት ሄደች። በኒው ዮርክ ክፍለ ሀገር ቫሳር ኮሌጅ የሚባል የሴቶች ከፍተኛ ትምህርት ቤት ገብታ ሒሳብና የሥነ ፈለክ ትምህርት ካጠናች በኋላ፣ በ1908 በ25 ዓመቷ ተመረቀች።

እንግዲህ ልብ እንበል። ገንዘቡ እዚህ ላይ አለቀ። ከዚህ ወዲያ የሚመጣው ሁሉ ያንን ገንዘብ የተካው ዕውቀት ያመጣው ነው።

ከመምህርነት ወደ ስሌት ሥራ

ወይዘሪት ኤዲት ከተመረቁ በኋላ በሳን ፍራንሲስኮ በአንድ የግል ትምህርት ቤት፣ ቀጥለውም በዌስት ቨርጂንያ በማርሻል ኮሌጅ ሒሳብና ፊዚክስ አስተማሩ። መምህርነት በዚያን ጊዜ ለተማረች ሴት ክፍት ከነበሩት ጥቂት በሮች አንዱ ነበር። ጥሩ ደመወዝ ባይኖረውም የተከበረ ነው፤ ብዙዎች እዚያው ረግተው ጡረታ ይወጣሉ። የእሳቸው ልብ ግን ምህንድስና ላይ ነበር። ስለዚህ በ1911 ሥራቸውን ትተው ወደ ዊስኮንሲን ዩኒቨርስቲ ሄዱና የሲቪል ምህንድስና ተማሪ ሆኑ። በ28 ዓመታቸው እንደገና ከወጣቶች ጋር ወንበር ላይ ተቀመጡ ማለት ነው።

በ1912 የክረምት ዕረፍት ጊዜ ገንዘብ ለማግኘት ሲሉ በአሜሪካ ቴሌፎንና ቴሌግራፍ ኩባንያ ተቀጠሩ። እዚያም ጆርጅ ካምቤል የሚባሉ፣ የስልክ ድምፅ በረዥም ሽቦ ላይ ሲጓዝ የሚደክምበትን ምክንያት በሒሳብ የመረመሩ ታላቅ መሐንዲስ ነበሩ። ሥራው እጅግ ስለ ማረካቸው ወይዘሪት ኤዲት ወደ ዩኒቨርስቲው ሳይመለሱ እዚያው ቀሩ።

የተቀጠሩበት የሥራ መደብ ስም «ኮምፒዩተር» ይባል ነበር። አዎን፣ ዛሬ በየቢሮውና በየቤቱ ያለውን መኪና የምንጠራበት ቃል በዚያን ጊዜ የሰው የሥራ ስም ነበር። ኮምፒዩተር ማለት ቀኑን ሙሉ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ በወረቀትና በእርሳስ፣ በሰንጠረዥና በስላይድ ሩል መሐንዲሱ የሰጠውን ሒሳብ የሚሠራ ሰው ነው። አብዛኞቹ ደግሞ ሴቶች ነበሩ። መሐንዲሱ ቀመሩን ይጽፋል፤ ሴቶቹ ያሰሉታል፤ ውጤቱ ተመልሶ በመሐንዲሱ ስም ይወጣል። በአገራችን «ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ» የሚሉት ተረት አለ። ተረቱ የእኛ ብቻ ይመስለን ነበር፤ ለካስ አሜሪካኖቹ ተረቱን ሳይናገሩ በደመወዝ መዝገብ ጽፈውት ኖሯል።

ወይዘሪት ኤዲት ይህን ሥራ ስድስት ዓመት ያህል ሠሩ። በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ጊዜ የሌሎች ኮምፒዩተሮች አሠልጣኝና ኃላፊ ሆኑ። ቀን ሥራ እየዋሉ ማታ ማታ በኒው ዮርክ ከተማ በኮሎምቢያ ዩኒቨርስቲ የኤሌክትሪክ ትምህርት ይከታተሉ ነበር። የማታ ትምህርት ቤት የተማረ አባል ካለ ይህ ምን ማለት እንደ ሆነ ያውቀዋል። በመጨረሻም በ1918 ሥራውን ለቀው ማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ገቡና በሚቀጥለው ዓመት በኤሌክትሪክ ምህንድስና የማስተርስ ዲግሪ ተቀበሉ። ይህ የታወቀ ተቋም በኤሌክትሪክ ምህንድስና ለሴት ዲግሪ ሲሰጥ የመጀመሪያው ነበር።

ዲግሪ ይዞ በር ማንኳኳት

ከእንግዲህ ወዲያ መንገዱ የተከፈተ ይመስላል። ከዓለም ከፍተኛ ትምህርት ቤቶች ውስጥ ከአንዱ የተመረቀ መሐንዲስ ሥራ ያጣል? ወይዘሪት ኤዲት ግን አጡ። መሐንዲስ አድርጎ የሚቀጥራቸው ጠፋ። በመጨረሻ በ1919 ጄኔራል ኤሌክትሪክ የተባለው ትልቅ ኩባንያ፣ ኒው ዮርክ ክፍለ ሀገር በምትገኘው በስኬኔክታዲ ከተማ ሥራ ሰጣቸው። ሥራውም ምንድነው? የኮምፒዩተሮች ተቆጣጣሪ! የተርባይን ጥንካሬ የሚያሰሉትን ልጃገረዶች እንዲመሩ ነው። ዲግሪውን ይዘው ዞረው ዞረው እዚያው የወጡበት ወንበር ላይ ተቀመጡ እንደ ማለት ነው።

ሰው በዚህ ጊዜ ሁለት ነገር ሊያደርግ ይችላል። አንደኛው ተስፋ መቁረጥ ነው። ወይዘሪት ኤዲት ሁለተኛውን መረጡ። የተቀጠሩበትን ሥራ እየሠሩ፣ በትርፍ ጊዜያቸው ማንም ያላዘዛቸውን የመሐንዲስ ሥራ ይሠሩ ጀመር። በዚያን ጊዜ አንድ የኤሌክትሪክ ማስተላለፊያ መስመር ከመዘርጋቱ በፊት በመጨረሻው ጫፍ ላይ ምን ያህል ኃይል እንደሚደርስ ለማወቅ እጅግ አድካሚ የሆነ ሒሳብ መሥራት ያስፈልግ ነበር። እሳቸው ይህን ሒሳብ በሥዕላዊ መንገድ የሚፈታ ቀላል መሣሪያ አበጁ። መሣሪያው የመስመሩን ከረንትና ቮልቴጅ ከቀድሞው ዘዴ አሥር እጥፍ በፈጠነ ጊዜ ያስገኝ ነበር። የባለቤትነት መብት ጥያቄውን በ1921 አቀረቡ፤ በ1925 ተፈቀደላቸው። ሰው ለሰው ሲያሰላ የኖረ ሰው የስሌቱን ድካም ስለሚያውቅ ነው ይህን የፈለሰፈው። የችግሩን ቦታ የሚያውቀው የቻለው ነውና።

ይሁንና ኩባንያው ይህንንም አይቶ መሐንዲስ አላደረጋቸውም። ደመወዛቸውም ከእሳቸው እኩል ከሚሠሩት ወንዶች ያነሰ ነበር። ስለዚህ በዚያው በ1921 ሥራውን ትተው ባሕር ተሻገሩና በቱርክ አገር፣ በኢስታንቡል፣ በቁስጥንጥንያ የሴቶች ኮሌጅ የፊዚክስ መምህር ሆኑ። ከተማይቱ በዚያን ጊዜ በጦርነቱ ድል ባደረጉት መንግሥታት ጦር እጅ ነበረች። አንዲት ብቻዋን የምትኖር ሴት በእንዲህ ያለ ጊዜ ወደዚያ መሄዷ ራሱ ደፋርነት ነው። አንድ ዓመት አስተምረው በ1922 ሲመለሱ ጄኔራል ኤሌክትሪክ ሐሳቡን ለውጦ ጠበቃቸው። አሁን በኤሌክትሪክ መሐንዲስነት ተቀጠሩ። በሙያው ተቀጥራ የምትሠራ በአሜሪካ የመጀመሪያዋ ሴት የኤሌክትሪክ መሐንዲስ እሳቸው መሆናቸው ይነገራል። ከቫሳር ከተመረቁ 14 ዓመት ሆኖ ነበር።

የሠሩት ሥራ ምን ነበር?

ብዙ ጊዜ ስለ ሊቃውንት ሲጻፍ «ታላቅ ምርምር አደረጉ» ተብሎ ይታለፋል። አንባቢ ግን ምን እንደ ሠሩ ቢገባው ይወዳል። ስለዚህ ባጭሩ እንሞክረው።

ኤሌክትሪክን ከወንዝ ዳር አንሥቶ ብዙ መቶ ኪሎ ሜትር ርቃ ወደምትገኝ ከተማ ማድረስ ሽቦ መዘርጋት ብቻ ይመስላል። ነገር ግን እንደዚያ አይደለም። በአንድ መስመር የተገናኙ ጄኔሬተሮች ሁሉ አንድ ዓይነት እርምጃ ጠብቀው መዞር አለባቸው። ነገሩን በተጠመዱ በሬዎች እንመስለው። ማያያዣው አጭርና ጠንካራ ሲሆን አንዱ በሬ ቢዘገይ ሌላው ጎትቶ ወደ እርምጃው ይመልሰዋል። ማያያዣው እየረዘመ ሲሄድ ግን መጎተቱ ይላላል። ጭነት ሲበዛ ወይም መብረቅ ሲመታ አንደኛው እርምጃውን ይስታል፤ አንዱ ከሳተ ሁሉም ይበጠበጣል፤ ከተማውም በጨለማ ይዋጣል። እንግዲህ በአንድ ረዥም መስመር ላይ ምን ያህል ኃይል ቢጫን ነው ይህ አደጋ የማይደርሰው? ወይዘሪት ኤዲት ዕድሜያቸውን የጨረሱት ይህን ጥያቄ በመመለስ ነው።

በ1926 ስለዚሁ ጉዳይ ያዘጋጁትን ጽሑፍ በአሜሪካ የኤሌክትሪክ መሐንዲሶች ማኅበር ጉባዔ ላይ አነበቡ። በዚያ ማኅበር መድረክ ላይ ጥናቷን ያቀረበች የመጀመሪያዋ ሴት እሳቸው ሆኑ። በ1932 ያቀረቡት ጽሑፍ በቀጣናው የዓመቱ ምርጥ ተብሎ ሲሸለም፣ በ1941 ደግሞ ከአንድ የሥራ ባልደረባቸው ጋር በረዥም መስመር ኃይል ማስተላለፍ ላይ የጻፉት በአገር ደረጃ ሽልማት አገኘ።

ሁለተኛው ሥራቸው ስለ ሦስቱ ሽቦዎች ነው። ለወፍጮ ቤትና ለፋብሪካ የሚሄደው፣ በተለምዶ «ስሪ ፌዝ» የምንለው ኤሌክትሪክ በሦስት ሽቦ ይጓዛል። ሦስቱ እኩል ሲሸከሙ ሒሳቡ ቀላል ነው። አንዱ ሲበጠስ ወይም ዛፍ ሲወድቅበት ግን ሚዛኑ ይናጋና ሒሳቡ ይወሳሰባል። ቻርልስ ፎርቴስኪው የተባሉ መሐንዲስ በ1918 ያልተመጣጠነውን ነገር ወደ ተመጣጠኑ ክፍሎች ከፍሎ የማስላት ዘዴ አሳትመው ነበር። ወይዘሪት ኤዲት ይህን ዘዴ በሥራ ላይ የሚውል አድርገው ካስፋፉት ሰዎች አንዷ ናቸው። ከዚያም አልፈው የሦስቱን ሽቦዎች ነገር በሁለት መጠኖችና በአንድ ትርፍ መጠን የሚገልጽ የራሳቸውን ዘዴ አወጡ። የነገሩ ሥር እንዲህ ነው፤ የሦስት ሰዎች መዋጮ ጠቅላላ ድምሩ ከታወቀ፣ የሁለቱን ድርሻ ያወቀ የሦስተኛውን አወቀ ማለት ነው። የእድር ገንዘብ ያዥ ይህን ሳይነገራቸው ያውቁታል። ዘዴው እስከ ዛሬ በስማቸው «የክላርክ ለውጥ» እየተባለ ይጠራል። ዛሬ በአገራችን መንገዶች ላይ ከሚሄዱት የኤሌክትሪክ መኪናዎች የብዙዎቹን ሞተር የሚቆጣጠረው መሣሪያ በየቅጽበቱ የሚሠራው አንዱ ሒሳብ ይኸው ነው።

ከፋብሪካ ወደ ዩኒቨርስቲ

ወይዘሪት ኤዲት በኩባንያው ውስጥ ሳሉ የማስተማር ሥራቸውን አልተዉትም። ለወጣት መሐንዲሶች ትምህርት ይሰጡ ነበር። ለዚሁ ትምህርት ያዘጋጁት ማስታወሻ እየበዛ፣ እየተስተካከለ ሄዶ በ1943 መጽሐፍ ሆኖ ወጣ። መጽሐፉ በተለዋዋጭ ከረንት የኃይል መስመሮች ስሌት ላይ ሲሆን፣ ሁለተኛው ቅጽ በ1950 ታተመ። ብዙ መሐንዲሶች የተማሩበት መጽሐፍ ሆነ። አንድ ጊዜ ለሌላው ስም ሲያሰሉ የነበሩት ሴት አሁን ሌሎቹ ሁሉ በእሳቸው ስም በወጣ መጽሐፍ ያሰሉ ጀመር።

በ1945 በ62 ዓመታቸው ከኩባንያው ጡረታ ወጥተው ወደ ትውልድ አገራቸው ወደ ሜሪላንድ ተመለሱ። እርሻ ገዝተው ሊያርፉ ነበር። ሰውም ቢሆን «በቃቸው፣ ብዙ ሠርተዋል» የሚል ነው። ነገር ግን ጦርነቱ አልቆ ከውትድርና የተመለሱ ወጣቶች በመንግሥት ወጪ እየተማሩ ዩኒቨርስቲዎቹን ያጥለቀለቁበት ጊዜ ነበርና መምህር ይፈለግ ነበር። በ1947 በኦስቲን ከተማ የሚገኘው የቴክሳስ ዩኒቨርስቲ ጠራቸው። በዚሁም በአሜሪካ የመጀመሪያዋ ሴት የኤሌክትሪክ ምህንድስና ፕሮፌሰር ሆኑ። 64ኛ ዓመታቸውን የሞሉበት ዓመት ነው። የመጀመሪያ ዲግሪያቸውን ከያዙ 39 ዓመት፣ ማስተርሳቸውን ከያዙ 28 ዓመት አልፏል። የዶክትሬት ዲግሪ አልነበራቸውም። ዶክትሬታቸው ሥራቸው ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም።

በ1948 ያ ጥናታቸውን ያነበቡበት የመሐንዲሶች ማኅበር ከፍተኛ የሆነውን የአባልነት ማዕረግ ሰጣቸው፤ ይህም ለሴት ሲሰጥ የመጀመሪያው ነው። በዚያው ዓመት ለጋዜጣ በሰጡት ቃል፣ ሴት መሐንዲስን በሴትነቷ የሚፈልጋት ሰው እንደሌለ፣ ሥራን ደኅና አድርጎ ለሚሠራ ሰው ግን ምንጊዜም ፈላጊ እንደማይጠፋ መናገራቸው ተመዝግቧል። ይህ አነጋገር ምሬትም አለበት፣ ብርታትም አለበት። ሁለቱንም ሳንለያይ ብንሰማው ይሻላል። «ሥራህ ይመስክር» ማለት ቀላል ነው፤ ምስክሩ እስኪሰማ 39 ዓመት ከፈጀ ግን የዳኛውም ጆሮ መመርመር አለበት።

በቴክሳስ አሥር ዓመት አስተምረው በ1957 በ74 ዓመታቸው ለሁለተኛ ጊዜ ጡረታ ወጡ። በመካከሉም በ1954 የሴቶች መሐንዲሶች ማኅበር ሽልማት ተቀበሉ። ትዳር አልመሠረቱም። ኦክቶበር 29 ቀን 1959 በ76 ዓመታቸው በትውልድ አገራቸው በሜሪላንድ ዐረፉ። በ2015 ደግሞ፣ ከሞቱ ከ50 ዓመት በላይ ቆይቶ፣ ስማቸው በአሜሪካ የፈልሳፊዎች የክብር መዝገብ ላይ ሰፈረ።

ከዚህ የምንማረው

በመጀመሪያ ደረጃ ይህ ነገር ሩቅ አይደለም። በእኛ አቆጣጠር ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ታላቁ የህዳሴ ግድብ ኃይሉን ወደ መሀል አገር የሚልከው በረዥም የ500 ኪሎ ቮልት መስመር ነው። በሬዎቹ እርምጃ እንዳይስቱ የሚጠብቁት የአገራችን መሐንዲሶች በትምህርት ቤት የተማሩት ሒሳብ ውስጥ የፕሮፌሰር ኤዲት ድርሻ አለበት። መብራቱ በቤታችን ሲበራ አንዲት የሜሪላንድ ሙት ልጅ የድርሻዋን አዋጥታበታለች ብንል ሐሰት አይሆንም። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» እንዲሉ፣ ዕውቀትም የብዙ ሰው መዋጮ ነው።

በሁለተኛ ደረጃ ወደ ተነሣንበት ጥያቄ እንመለስ። አንዳንድ አባል «ይኼ የሀብታም አገር ታሪክ ነው፤ የእሷ አባት ርስት ትተውላታል፤ የእኛ እድር የሚሰጠው ገንዘብ የአንድ ሳምንት የለቅሶ ወጪ እንኳ አይሸፍንም፤ ምኑን ከምኑ ያገናኙታል?» ብሎ ይጠይቅ ይሆናል። ጥያቄው ትክክል ነው። ገንዘቡ አይወዳደርም። ነገር ግን ይህ ጽሑፍ የሚያነጻጽረው የገንዘቡን ብዛት ሳይሆን የዋለበትን ቦታ ነው። የኤዲት ወንድሞችና እኅቶች ብዙ ነበሩ፤ የዘጠኝ ልጆች ቤት ነው። የአንዲቱ ድርሻ ተራራ የሚያህል ሊሆን አይችልም። ያቺ ድርሻ ግን በትምህርት ላይ በመዋሏ ሳትበላ ቀረች።

በሦስተኛ ደረጃ ጊዜውን እናስላ። በየትኛውም የለቅሶ ቤት «እሷ ሴት ናት፤ ነገ ታገባለች፤ ወንዱ ይማር» ሲባል የሚደረገው ሒሳብ የሦስት ወይም የአራት ዓመት ሒሳብ ነው። የኤዲት ክላርክ ሒሳብ ግን የ50 ዓመት ሒሳብ ነበር። በ1908 የተመረቀችው ልጅ ፍሬዋ የታየው በ1926፣ በ1943፣ በ1947 ነው። በ1912 ያያት ሰው ቢጠየቅ «ያ ሁሉ ገንዘብ ፈሶ ይኸው የሰው ሒሳብ ታሰላለች» ባለ ነበር። ቸኩሎ የሚፈርድ ሰው የልጅ ትምህርትን ሊመዝን አይችልም። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የተባለው ለዚህ ነው።

ታዲያ እድራችን ምን ያድርግ? ትልቅ ነገር ማሰብ አያስፈልግም። ወላጅ በሞተበት ቤት ለተማሪ ልጆች የሚሰጠው ገንዘብ ከለቅሶው ወጪ ተለይቶ ቢሰጥ፣ በመዝገባችንም ተለይቶ ቢጻፍ አንድ ነገር ነው። ለወንዱም ለሴቷም እኩል ቢሆን ሁለተኛው ነው። በመስከረም ትምህርት ቤት ሲከፈት ከጎረቤት አንድ ሰው ተወክሎ «ልጅቷ ተመዝግባለች? ደብተርና ዩኒፎርም አላት? አላቋረጠችም?» ብሎ ቢጠይቅ ሦስተኛው ነው። ይህኛው ገንዘብ አይጠይቅም፤ አስታዋሽነት ብቻ ነው የሚጠይቀው። ሙት ልጅን የሚጎዳት ማጣት ብቻ አይደለም፤ የሚጠይቃት ሰው ማጣቷ ጭምር ነው። ኤዲት ክላርክን ታላቅ እኅቷ አልረሳቻትም ነበር።

ለሞተው የሚገባውን ክብር መስጠት እናውቅበታለን፤ ያባቶቻችን ወግ ነውና እንቀጥልበት። ሟች አደራ ብሎ የሄደው ግን ልጆቹን ነው። የሟችን ልጅ ማስተማር የቀብሩ ሥነ ሥርዓት ተከታይ ክፍል መሆኑን ተቀብለን፣ ለሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባዔ አሳቡን ይዘን ብንቀርብ መልካም ነው። ከመካከላቸው ማን ምን እንደሚሆን ማን ያውቃል? በ1895 በዚያ በሜሪላንድ ቤት ለቅሶ የደረሱት ጎረቤቶችም አላወቁም ነበር።

ቸር ይግጠመን።